የረዳው ሰው ፊርማ

እታለማሁ የምትሠራው ለንደን ውስጥ፣ ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ጀርባ ባለ አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ነበር። ከምትኖርበት ከአርችዌይ ተነስታ፣ መንገድ ላይ ባቡር ቀይራ፣ የቤቱ ባለቤት ቬራ ወደ ቢሮዋ ከመውጣቷ በፊት ትደርሳለች። ቬራ ጠበቃ ናት፤ አሜሪካ ተወልዳ ለንደን የኖረች፣ ስትናገርም ስትራመድም የምትቸኩል ሴት። እታለማሁን ኬረር፣ ማለትም አስታማሚ፣ አድርጋ የቀጠረቻት ለእናቷ ለሚስ ሎሬታ ነው።

ሚስ ሎሬታ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። በአሜሪካ ደቡብ፣ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ ሜከን በምትባል ከተማ የተማሪ አውቶብስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። በፈረንጆቹ 2018 መጀመሪያ ላይ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ሰለለ። ልጃቸው እስኪሻላቸው ብላ ለንደን አመጣቻቸው። እሳቸው ግን ከእንግድነት አልወጡም። ኮታቸውን እንኳ ቁም ሳጥን ውስጥ አታስገቡብኝ ስላሉ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነበር።

“ቤቴ ሜከን ነው” ይላሉ። “ድምፄም እዚያው ነው።”

ድምፄ ያሉት የምርጫውን ነው። በዚያ መጸው ጆርጂያ አገረ ገዥዋን ትመርጥ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ጥቁር ሴት ናት፤ ካሸነፈች በአሜሪካ ምድር አገረ ገዥ ለመሆን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ትሆናለች። ሚስ ሎሬታ ከቁርስ እስከ ራት ወሬያቸው ይኸው ነበር። አንድ ቀን እታለማሁ ፀጉራቸውን እያበጠረችላቸው፣ የሴትዮዋ ተፎካካሪ የክፍለ ግዛቷን ምርጫ የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ኃላፊ መሆኑን ነገሯት። ማበጠሪያዋን ይዛ ቆመች።

“ተወዳዳሪው ራሱ ነው የሚያስቆጥረው?”

“እሱ ራሱ።”

“እና ዝም ተባለ?”

“ዝምማ አልተባለም። ጮኸናል። ግን ይኸው፣ እሱ ራሱ ነው።”

እታለማሁ ማበጠሯን ቀጠለች።

የምርጫው ወረቀት በኢሜይል ከመጣ ሰንብቶ ነበር። ቬራ በሥራ ብዛት ሳታየው ቆይታ፣ ወደ ሲንጋፖር ለሥራ በምትሄድበት ጠዋት ፕሪንት አድርጋ ከነፖስታው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ታክሲዋ ደጅ ቆሟል።

“እታ፣ አንብቢላትና አብራችሁ ሙሉት። ከዚያ ፖስት አድርጊላት። ቀላል ነገር ነው” አለች ሻንጣዋን እየጎተተች። “ካልተላከ እኔ ስመለስ የምሰማውን አውቀዋለሁ።”

ቁርስ ተነሳና ጠረጴዛው ተጠረገ። ሚስ ሎሬታ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ሊፕስቲክም ቅቢኝ ብለው ተቀቡ። ከስሞቹ ጎን ያሉትን ክቦች ማጥቆር ነበር ሥራው። በግራ እጃቸው እስክሪብቶ ይዘው ሞከሩ፤ ጫፉ ከክቡ ወጥቶ ወረቀቱ ላይ ተንሸራተተ። ሁለተኛ ሲሞክሩ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ወረቀቱ እንዳይበላሽ ፈርተው እስክሪብቶውን ለእታለማሁ ሰጧት።

“እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ አጥቁሪ።”

እታለማሁ እያንዳንዱን ስም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። አገረ ገዥው ጋ ስትደርስ ደጋግማ ጠየቀቻቸው።

“ይህቺን ነው ያሉኝ?”

“ይህቺን።”

“እርግጠኛ ነዎት?”

“ልጄ፣ ይህን ቀን የጠበቅኩት ካንቺ መወለድ በፊት ጀምሬ ነው። አጥቁሪ!”

አጠቆረች። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ፖስታውን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ የመራጩ መሐላና መፈረሚያ አለ። ከሱ ሥር ሌላ ሣጥን ነበር። መራጩ በሕመም ምክንያት ራሱ መሙላት ካልቻለ፣ የረዳው ሰው ስሙንና አድራሻውን ጽፎ፣ እንደ መራጩ ፈቃድ መሙላቱን በመሐላ አረጋግጦ ይፈርማል። በሐሰት የማለ በሕግ ይቀጣል።

እታለማሁ ደጋግማ አነበበችው።

“ነገ እንጨርሰው” አለች። “የመድኃኒትዎ ሰዓት ደርሷል።”

የመድኃኒት ሰዓት አልደረሰም ነበር። ሚስ ሎሬታ ሰዓቱን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

እታለማሁ ከአገሯ የወጣችው በፊርማ ምክንያት ነው። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ፣ ፈረንጆቹ 2005 በሚሉት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። ገና ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። እንደ ብዙው ሰው ልቧ ሞቆ፣ ለተቃዋሚው ፓርቲ የምርጫ ጣቢያ ታዛቢ ለመሆን ተመዘገበች። አብረዋት የነበሩት የትምህርት ቤቷ የሒሳብ መምህር ጋሽ ፀሐዬ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ድምፁ ሲቆጠር አዩ። ውጤቱ በር ላይ ሲለጠፍ ከሥሩ ጋሽ ፀሐዬ ፈረሙ፤ ከሳቸው ቀጥሎ እሷ ፈረመች። ያን ዕለት ፊርማዋን እያየች በደስታ አልቅሳ ነበር።

አዲሱ ዓመት ጠብቶ ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ከተማው በተኩስ ታመሰ። ሰው ከየቤቱ ይታፈስ ጀመር። ጋሽ ፀሐዬን ወሰዷቸው። በማግስቱ እሷን ፍለጋ መጡ፤ ስሟን ከነአባቷ ይዘው፣ ጎረቤትን እየጠየቁ። የዚያን ቀን አክስቷ ጋ ደብረ ዘይት ነበረች። ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ናይሮቢ ከርማ፣ ኋላ ለንደን ገባች። ጋሽ ፀሐዬ ከወራት በኋላ ተፈቱ፤ ጆሮአቸው ግን መስማት ተስኖት ነበር። እንዴት እንደዚያ እንደሆኑ ጠይቃቸው አታውቅም። በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልላቸዋለች፤ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ያቺን ዕለት ሁለቱም አያነሷትም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ለንደን ውስጥ የቤት ኪራይ ውል ስትፈርም እንኳ መዳፏ ያልባታል።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ንዋይ ዌምብሊ ስታዲየም ሴኩሪቲ ነው፤ ኳስ ያልነበረበት ቀን ስለሆነ ቀድሞ ገብቶ ምስር እየሠራ ነበር።

“አትፈርሚም” አላት ማማሰያውን እንደያዘ።

“ገና ሳልጨርስልህ?”

“ምኑን ትጨርሺዋለሽ? የዜግነት ማመልከቻሽ ሆም ኦፊስ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀን ገና አሁን አፕላይ አደረግን። ነገ የአሜሪካ ምርጫ ውስጥ ገብታለች ቢባልስ? መሐላ ነው እኮ የምትዪኝ። ቅጣት ያለበት መሐላ።”

“አሮጊቷ እጃቸው አይሠራም።”

“ልጃቸው ጠበቃ አይደለችም እንዴ? ራሷ ትፈርም።”

“የምትመለሰው በምርጫው ዕለት ነው። ያኔ ቢላክ በሦስት ቀን ውስጥ ካልደረሰ አይቆጠርም።”

ንዋይ እሳቱን ቀነሰ። “እታለም፣ ክፉ ሆኜ አይደለም” አለ ቀስ ብሎ። “አንቺ ሌሊት ስትባንኚ የምይዝሽ እኔ ነኝ። ለአንድ ወረቀት ብለሽ እንደገና አትጀምሪው።”

ምስሩን በሉ። ስለ ሌላ ነገር አወሩ። እሷ ግን የጎረሰችው ምን ምን እንደሚል አላወቀችም።

በማግስቱ ስትገባ ሚስ ሎሬታ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ፊት ለፊታቸው አሮጌ ጋዜጣ ዘርግተው፣ ጠርዙ ላይ በግራ እጃቸው ስማቸውን ሲጽፉ፣ ሲጽፉ ቆይተዋል። ዶሮ የጫረው ይመስላል። ሬዲዮው ስለ ጆርጂያ ያወራ ነበር፤ ፊርማቸው ፋይል ውስጥ ካለው ጋር ስላልገጠመ ድምፃቸው የተጣለባቸው ሰዎች እንዳሉና ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንደደረሰ ይናገራል።

“የድሮ ፊርማዬ ቆንጆ ነበር” አሉ ሚስ ሎሬታ ቀና ሳይሉ። “ለወላጆች በምልከው ወረቀት ላይ ስፈርም ልጆቹ ይቀኑበት ነበር።”

እታለማሁ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። እንዳትሸሽ ፈርታ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። አዳራሹን፣ ውጤቱን፣ ጋሽ ፀሐዬን፣ ስሟን ከነአባቷ ይዘው የመጡትን ሰዎች ነገረቻቸው። እንግሊዝኛው መሃል ላይ እየጠፋባት ቆማ ትፈልገዋለች፤ ሚስ ሎሬታ አላጣደፏትም።

ስትጨርስ፣ ይለምኑኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ወይም ይህ አሜሪካ ነው፣ እንደዚያ የለም ይሉኛል ብላ። እሳቸው ግን ጋዜጣውን በደህና እጃቸው አጣጠፉት።

“እንግዲያ አትፈርሚ” አሉ።

“ድምፅዎስ?”

“ድምፄ የኔ ነው፤ ፍርሃትሽ ደግሞ ያንቺ ነው። አንዱን በሌላው አልገዛም።” እስክሪብቶውን ወደ ራሳቸው ሳቡና “እኔ በግራ እጄ እፈርማለሁ። የረዳኝ የለም እላለሁ። ይጣሉትም አይጣሉትም፣ ይላካል” አሉ።

“ግን እኮ ረድቼዎታለሁ።”

“እሱን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን።”

ይህ ከልመና ከፋባት። ቀኑን ሙሉ ቤቱን ስትጠርግ፣ ስታጥብ፣ ፖስታው ከጠረጴዛው ላይ የሚያያት መሰላት። ያ ሣጥን ባዶውን ከሄደ ሐሰት ነው፤ ሐሰቱን የሚፈርሙት ደግሞ ሚስ ሎሬታ ናቸው። ከሞላም የሷ ስም ባሕር ተሻግሮ በማያውቃት ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የትኛው እንደሚያስፈራ መለየት አቃታት።

ቅዳሜ ሥራ አልነበራትም። ንዋይ ወደ ስታዲየሙ እንደወጣ የአርችዌዩን ፍላት መስኮቶች ዘጋች። በዚያ ሕንፃ አማርኛ የሚሰማ ጎረቤት እንደሌለ ታውቃለች፤ ቢሆንም ዘጋች። ከዚያ ለጋሽ ፀሐዬ ደወለች።

ስልኩን ባለቤታቸው አንስተው ድምፁን በላውድ ስፒከር አደረጉላቸው።

“እንዴት ነዎት ጋሼ?”

“ማን ነች? ጮክ በይ!”

“እታለማሁ ነኝ! ከለንደን!”

“እታለም! ምነው፣ በዓል ነው እንዴ?”

“አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ስለ ምርጫው።”

“ስለ ምን?”

“ስለ ምርጫው!” ብላ ጮኸች። ቃሉ ከግድግዳው ተላትሞ ወደ ራሷ ሲመለስ በሩን አየች። “ያኔ ስለፈረምነው!”

ባለቤታቸው ጆሮአቸው ሥር ደገሙላቸው መሰል፣ “እ” አሉ ጋሽ ፀሐዬ።

“ያ ሁሉ እንደሚመጣ ቢያውቁ ኖሮ ይፈርሙ ነበር?”

“ቆጠራው ትክክል አልነበረም እንዴ?”

“ትክክል ነበር።”

“አብረን አይደል የቆጠርነው?”

“አብረን ነው።”

“ታዲያ የተፈረመው ያው ነው። ትክክል ነው ብሎ መፈረም ነው የነበረብን፤ ፈረምን። የኋላውን ያደረግነው እኛ አይደለንም” አሉ፤ መምህር ስለሆኑ አረጋግተው፣ ተማሪ እንደሚያስረዱ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ፈርቼ ነበር፣ እታለም። አሁንም በሩ ሲንኳኳ እፈራለሁ፤ መንኳኳቱን ባልሰማም ሚስቴ ስትነሳ እያየሁ እፈራለሁ። ግን ፊርማዬን ተፀፅቼበት አላውቅም። ለምን ጠየቅሽኝ?”

ነገረቻቸው። ባለቤታቸው እየደገሙላቸው ሰሙ። መጨረሻ ላይ ሳቁ።

“አሜሪካም ተወዳዳሪው ነው የሚያስቆጥረው? ጉድ ነው!” አሉ።

ፈርሚም፣ አትፈርሚም አላሉም። ስለ ዝናቡ ጠየቋት፤ ለንደን ሁልጊዜ ነው አለቻቸው።

ሰኞ ጠዋት እታለማሁ ከሚስ ሎሬታ ፊት ተቀመጠች፤ እስክሪብቶውንም አነሳች። በመጀመሪያ ሚስ ሎሬታ በግራ እጃቸው ፈረሙ፤ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ይዘው፣ እንደ ሕፃን ተጨንቀው። ከዚያ እሷ በሣጥኑ ውስጥ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። አድራሻዋን ጻፈች። የስልክ ቁጥሯን ከጎኑ ጨመረች። ፊርማው ላይ ስትደርስ መስመሩ ተንሻፈፈ።

“የኔን አስመሰልሽው” አሉ ሚስ ሎሬታ። በግራ እጃቸው መዳፏን ያዟት። እርጥብ ነበር።

ፖስታ ቤት ሄዳ ውድ በሆነው ፈጣን መልእክት ላከችው። ከወረፋው ስትወጣ አንድ የመደብር መስኮት ተደግፋ ቆመች። ለንዋይ ማታ ስትነግረው ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ሰፈሩን ዞሮ ተመለሰና አጠገቧ ተቀመጠ። “እንግዲህ ሁለታችንም ፈርመናል” አለ። ዜግነቷ በሚቀጥለው ዓመት ያለ አንዳች ጥያቄ ጸደቀ፤ ያኔ ግን ይህን ማን ያውቃል?

ፖስታው በተላከበት ሳምንት ስልኳ የጮኸው ለሚስ ሎሬታ ሾርባ እየሰጠች ሳለ ነው። ከውጭ አገር የተደወለ፣ የማታውቀው ቁጥር። አላነሳችውም። ቆመና እንደገና ጮኸ።

“ስልክሽ እኮ ነው” አሉ ሚስ ሎሬታ።

“አላውቀውም።”

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የስልኩን መስታወት አዩ። “478? ይህማ የሜከን ቁጥር ነው! አንሺው!”

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። መጡ፣ አለች በልቧ፤ ማን እንደመጣ ግን ልትናገር አትችልም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ረጋ ያለ፣ የሚጎትት የሴት ድምፅ ስሟን ከነአባቷ ለመጥራት ታገለ። ሴቲቱ ከምርጫ ጽሕፈት ቤት ነኝ አለች።

“ሚስ ሎሬታን ወረቀቱን ሲሞሉ የረዱት እርስዎ ነዎት?”

ተሳስተዋል ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። ሚስ ሎሬታ ያዩአታል። እታለማሁ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች።

“አዎ። እኔ ነኝ።”

“ፊርማቸው እኛ ጋ ካለው ጋር አልገጠመልንም። ፍርድ ቤት ሰውን ሳትጠይቁ አትጣሉ ስላለን ነው የደወልኩት። ራሳቸው ናቸው የመረጡት?”

“ራሳቸው። ደጋግሜ ጠይቄያቸዋለሁ። ተቆጥተውኛል።”

ሚስ ሎሬታ በግራ እጃቸው ስልኩን ቀሟት። “ልጄ፣ እኔ ሎሬታ ነኝ። የታመመው እጄ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም። ምን ልላክልሽ?”

የመንጃ ፈቃዳቸው ኮፒ ነበር የተፈለገው። እታለማሁ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችው። ያን ቀን መልሱን ሲጠብቁ ሁለቱም ሥራ አልያዙም፤ ምሳውም ቀዘቀዘ። በማግስቱ አንዲት አጭር መልእክት ገባች፦ ድምፃቸው ተቀባይነት አግኝቷል። ሚስ ሎሬታ ደጋግመው አስነበቧት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቬራ ተመለሰች። የሆነውን ስትሰማ ሻንጣዋን ሳትፈታ ተቀመጠች። “ቀላል ነገር ነው ብዬሽ ነበር” አለች ለእታለማሁ። ምርጫው ተካሄደ፤ ውጤቱ ግን ወዲያው አልለየለትም። ልዩነቱ ጠባብ ነበር፤ ቆጠራውም ክርክሩም ቀጠለ። ለእታለማሁ እነዚያ ቀናት ከሁሉም የከፉ ነበሩ። ድምፅ ተሰጥቶ ውጤት ሳይለይ የሚያልፉ ቀናት ምን እንደሚያመጡ ታውቃለች። ባቡር ውስጥ ዜናውን ትከፍትና ትዘጋለች። ተኩስ ትፈልጋለች፤ የታፈሰ ሰው ትፈልጋለች። የምታገኘው ጠበቃ፣ ሰልፍና ሙግት ነው።

በመጨረሻ ተወዳዳሪዋ ሴት እንደማታሸንፍ ተናገረች። ሂደቱ ትክክል አይደለም ብላ በግልጽ ከሰሰች፤ ስለዚህም ሽንፈቴን ተቀብያለሁ አልልም አለች። ተፎካካሪዋ አገረ ገዥ ሆነ። ሚስ ሎሬታ ንግግሩን ከቬራ ጋር እስከ መጨረሻው አዩትና ቴሌቪዥኑን አስዘጉ። ምሳ አልበላም አሉ። እታለማሁ ሾርባውን እንደያዘች ሳታውቀው መስኮቱ ጋ ሄደች፤ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየች። አንድ ሰው ወደ ገበያው የብርቱካን ካርቶን ይገፋል።

“ማንን ነው የምትጠብቂው?” አሉ ሚስ ሎሬታ።

“ማንንም።”

“ነይ እንግዲያ፣ ተቀመጪ።”

ተቀመጠች። አሮጊቷ ከሾርባው አንድ ማንኪያ ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

“ጨው የለውም።”

“ዶክተሩ ከልክሎዎታል።”

“ዶክተሩ ዛሬ አልተሸነፈም። የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።”

እታለማሁ ወደ ኩሽና ሄደች። የጨው ዕቃውን ይዛ ተመለሰች፤ ቬራ እንዳታይ በጀርባዋ ከልላ አንድ ቁንጣሪ ጨመረችላቸው።